ራስ ይይዝ ለነበረው ጉልበትሽ

ውዴ እናንየ ሆይ፣

ከተለየሽኝ አንድ ክረምት አለፈ። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር አንቺን መዋሸት አልችልበትም።

ቤታችን እንደተውሽው አይደለም። ተስቦው ገና ከመንደሩ አልወጣም። ጎረቤት እህል ሲያመጣልን ከአጥሩ ውጭ አስቀምጦ፣ ተጣርቶ ይሄዳል። በሽታው በልብስ ይጋባል ስላሉኝ ልብስሽን ሁሉ አቃጠልሁት። መቀነትሽን ግን እሳት ውስጥ መጣል አቃተኝና ቀቅዬ አስቀመጥሁት።

የወጌሻነቴ እኩሌታ አንቺ ነበርሽ። የራስ እባጭ ልቆርጥ ምላጬን ስስል፣ አንቺ የበሽተኛውን ራስ ጉልበትሽ ላይ አስተኝተሽ በሁለት እጅሽ ትይዥልኝ ነበር። ስለ ላሟም ስለ ዝናቡም ስታወሪለት ጩኸቱ ይበርድለታል። የዳነው ሁሉ አንቺን እንጂ እኔን አይመርቅም፤ ስቀና ትስቂብኝ ነበር።

ተስቦው ሲገባ አሠራሬን ለወጥሁ። በሽተኛ ቤት ማስገባት ትቼ ከዋርካው ሥር መቁረጥ ጀመርሁ። ያዥ እንዳይነካካ ብዬም የበሬ ቀንበር መሬት ላይ አጋድሜ የበሽተኛውን ራስ በማነቆ እንጨቶቹ መካከል በቆዳ ጠፍር አስር ነበር። አንቺ ግን ሰው በሬ አይደለም ብለሽ ተቆጣሽኝ። እባጭ ልታስቆርጥ ከሽንዲ ለመጣችው ትኩሳታም ሴት ብለምንሽም እምቢ ብለሽ ጉልበትሽን ሰጠሻት። እሷ ድና አገሯ ገባች፤ አንቺን ትኩሳቱ ጣለሽ።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ልጃችን ስለ ይታይሽ ነው። ያ ባቄላ ያህል የነበረው የግንባሯ እባጭ ቡጢ አክሏል። አጥንቱን እየገፋ ወደ ውስጥ ገብቶ ግራ ዓይኗን አፍጥጦታል። ያስመልሳታል፤ አንዳንዴም ማን እንደሆንሁ ትረሳለች። ቡሬ ምሽጉ ውስጥ የጣልያን ሐኪም አለ ሲሉኝ በበቅሎ ጭኜ ወሰድኋት። ዘበኞቹ ተስቦ ካለበት መንደር መምጣታችንን ሲሰሙ ጠመንጃ ደግነው መለሱን። መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስሁ። ራሷን የሚይዝልኝ ፈልጌ ወንድሞችሽ ዘንድ ላክሁ፤ አልመጡም። አልፈርድባቸውም፣ እነሱም ልጆች አሏቸው።

ነገ ጠዋት እቆርጣለሁ። ብተወው ትሞትብኛለች፤ ብቆርጠውም እጄ ላይ ልትቀር ትችላለች። ቀንበሩን ሳጋድም አየችኝ። እንዳንቺ በተቆጣችኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እሷ ግን ተንበረከከችና፣ ልክ መሆኑን ለማየት ራሷን አስገባች።

በጠፍር አላስራትም፣ እናንየ። በመቀነትሽ ነው የማስራት፤ ቀንበሩ ላይ ጠምጥሜ ሞክሬዋለሁ፣ ይደርሳል። ስለ ላሟና ስለ ዝናቡም፣ ባላውቅበትም እኔው አወራላታለሁ። ብትድን ተዝካርሽን አብረን እናወጣለን። ባትድን ካንቺ አጠገብ አሳርፋትና ምላጬን ወንዛችን ብር ውስጥ እጥለዋለሁ። እስትንፋሴ እስካለች አልረሳሽም።

ነገ ጠዋት ግን፣ የኔ ዓለም፣ እንደ ድሮው ያዥልኝ።