ከመንገደኞች ዝርዝር የወጣ ስም

ሮም፣ ፒኜቶ
እሁድ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ዓለም ሲኒት፣

እንዴት ነሽ? አሜሪካስ፣ ዩታስ? ተራሮቹስ? እኔ ደህና ነኝ። የማስታምማቸው ሲኞራም ደህና ናቸው፤ ጉልበቴ ብቻ የትራሙን ደረጃ መፍራት ጀምሯል።

በስልክ ያወራነው ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለነዚያ የቤተ ክርስቲያናችሁ የጥንት ሰዎች፣ ስለ ሞርሞኖቹ የነገርሽኝ። ማንም ያልፈለገውን ደረቅ ሸለቆ ብለው ያን ሁሉ አገር ማቋረጣቸው። ቀድመው የደረሱት ወዲያው ወንዝ ጠልፈው ድንች መትከላቸው። ዕቃቸውን በእጅ ጋሪ እየጎተቱ ኋላ የመጡትን ደግሞ ክረምቱ መንገድ ላይ እንደያዛቸው፤ መሬቱ አልቆፈር ብሎ ሙታናቸውን በበረዶ ሸፍነው እንዳለፉ። በሐምሌ እናንተ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች በዚያው መንገድ ሦስት ቀን ጋሪ ትጎትታላችሁ። እያንዳንዱ፣ መንገድ ላይ የሞተ ዘመዱን ስም ጋሪው ላይ ያስራል።

"እማዬ፣ ከእኛ ወገን መንገድ ላይ የሞተ የለም?"

"የለም" አልኩሽ።

"አሎራ፣ እንግዲያው የማላውቀውን ሰው ስም ይሰጡኛል።"

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የማታውቂውን ሰው።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አባ ሞላልኝ ጋ ሄድኩ። በጸሎት የሚጠሩትን ስሞች የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፤ የታመመው ለብቻ፣ መንገደኛው ለብቻ፣ የሞተው ለብቻ። አባትሽን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመንገደኞች ጋር አስጠርቼዋለሁ።

"ዘርፈሽዋል" አሉኝ፣ እንደ ልማዳቸው ሊያስቁኝ፣ "ያንቺ ሰውዬ አሁንም አልደረሰም? በእግሩ ቢሆን እንኳ ዓለምን ሁለቴ ይዞር ነበር እኮ።"

"አባ፣ ከመንገደኞች ያውጡልኝ።"

ሳቃቸው ቆመ። "የት ላስገባው?"

ፊቴን አዩት። የሙታኑን ገጽ ገለጡ።

ሲኒት፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። አባትሽ ገረዝጊሄር ካርቱም አልቀረም። ሌላ ሴት አላገባም። አብረን ነው የወጣነው። መኪናው ሰሃራ መሃል አምስት ቀን ቆመ። ውሃው ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር፤ በጄሪካን ክዳን ይሰፈርልን ነበር። አንቺ ሁለት ዓመትሽ ነው። በአራተኛው ቀን አባትሽ አልነቃም። አሸዋ ይቆፈራል፤ ነፋሱ ግን መልሶ ይገልጠዋል። ድንጋይ ፈለግኩ። ሦስት አገኘሁ። መኪናው ሲነሳ ሹፌሩ ጮኸብኝ፤ ሄድን።

የሱ ድርሻ ውሃ እንዴት እስከ አምስተኛው ቀን እንደቆየ አትጠይቂኝ። አንቺ እሱን ጠጥተሽ በሕይወት ሮም ገብተሻል።

ጥሎን ቀረ ያልኩሽ፣ የምትቆጪው አባት እንኳ ይኑርሽ ብዬ ነው። ከቁጣሽ ጋር ኖርኩ። አንዳንዴም፣ እውነት ለመናገር፣ እኔም ራሴ አመንኩት። እግሩ ካርቱም ውስጥ ሲሄድ ይታየኝ ነበር።

የክርስትና ስሙ ገብረ መድኅን ነው። እሱን እሰሪ። እናንተ ጋ ለሞተ ሰው ጥምቀት እንደሚደረግ ሰምቻለሁ። አደራ፣ እሱን እንዳታስጠምቂው፤ በአርባ ቀኑ ተጠምቋል። ሃይማኖትሽን መንቀፌ አይደለም። ብቻ ጎትቺው።

ወንዝ ስትደርሱ ግን ጋሪውን አቁሚ። ስትጠጪ አባትሽ ይይሽ።

ያን ቀን ያሻገረሽ አምላክ አሁንም ከፊትሽ ይቅደም። ስትቆጪኝም ደውይልኝ።

እናትሽ ዘርፈሽዋል