ቧንቧው የሚታጠፍበት ቦታ

ልደታ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም፣ እማዬ። ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ ቀለል ብሎሽ፣ ዓይንሽም በርቶልሽ ያግኝሽ። የቡታጅራ ብርድ ዘንድሮ እንዴት አድርጎሻል? ዶሮዎቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። ልደታም እንደምታውቂያት ናት፤ የፍርድ ቤት ባለጉዳይ ጠዋት ጠዋት ቆሎዬን እየቆረጠመ፣ ቀጠሮውን እየረገመ ያልፋል። በስልክ ስንገናኝ ሁለታችንም «ደህና ነኝ» ተባብለን ስለምንዘጋ፣ ዛሬ በጽሑፍ ልንገርሽ ብዬ ተነሣሁ። የወንድሜ ልጅ መሪማ ስታነብልሽ እንዳትቸኩል ንገሪያት፤ ደስ የሚል ነገር ስለሆነ ቀስ ብሎ ይግባሽ።

አምና መጥተሽ በሦስተኛው ቀን ስትመለሺ «ዶሮዎቼን ማን ያያቸዋል» አልሽኝ። እኔም ያመንኩ መስዬ ሸኘሁሽ። ግን ለውዱእሽ ጀሪካን ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ በሩ ላይ ቆመሽ ያየሽኝን አስተያየት አልረሳሁትም። ከዚያ በኋላ በአንዲት ብርጭቆ ውኃ ለመታጠብ ስትሞክሪም አይቻለሁ። ቤቴ ውኃ ካልገባ እንደማትመጪ ያኔ ገባኝ። ባለፈው ወር ደግሞ ጓሮ ወድቀሽ እስኪመሽ ማንም እንዳላገኘሽ መሪማ ነገረችኝ። አትቆጪያት፣ እኔ ነኝ ያስጨነቅኳት።

የሕንፃችን አሮጌ ቧንቧ ከመሬት በታች ዝገት በልቶት አልቋል። አዲስ መስመር ከግቢው በር ድረስ ራሳችሁ ዘርጉ ስለተባልን ገንዘብ አዋጣን። የቧንቧ ሠራተኛው ቱሉ መጥቶ ለካ። ግቢው ሙሉ ኮብልስቶን ነው፤ በአጥሩ ሥር ብቻ ባዶ አፈር አለ። ኮብልስቶን አንሥቶ፣ ቆፍሮ፣ መልሶ ማንጠፍ ውድ ነው፤ የአፈሩ አንድ ሜትር ሦስት ብር ቢያስወጣ የኮብልስቶኑ አምስት እንደማለት። በአጥሩ ሥር እስከ መጨረሻው ሄዶ ከዚያ ወደ ሕንፃው ቀጥ ብሎ መሻገር ረጅም ሆነ። ከበሩ በሰያፍ ወደ ሕንፃው መቁረጥ አጭር ነው፤ ግን ሁሉም ኮብልስቶን ላይ ነው። የሁለቱም ዋጋ ካዋጣነው በለጠ። የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ በሱፍቃድ ሰው ሁለተኛ እስኪያዋጣ ይቆይ አሉ። ሰው ሁለተኛ እስኪያዋጣ ማለት ስንት ክረምት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ለቆሎ መጠቅለያ አሮጌ መጽሐፍ በኪሎ እንደምገዛ ታውቂያለሽ። ከመቅደዴ በፊት ማንበብ ልማዴ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ የተማርኩትን ሁሉ ያገኘሁት እንዲህ በቁርጥራጭ ነው፤ የታሪኩ መጨረሻ አንድ ዓመት ይደርሰኝና መጀመሪያው በሌላ ዓመት ይመጣል። አንድ ወፍራም የሒሳብ መጽሐፍ ግን ልቤን ስለወሰደው ግማሹን ሳልቀድ አስቀምጬው ነበር። ካልኩለስ ይሉታል። አንድ ነገር ሲለዋወጥ የት ላይ እንደሚጨምር፣ የት ላይ መቀነሱን እንደሚያቆም የሚፈልግ ሒሳብ ነው። እዚያ ውስጥ ነዳጅ ከደሴት ወደ ወደብ በቧንቧ ስለመውሰድ የሚጠይቅ ጥያቄ አለ። በባሕር ሥር መዘርጋት ውድ ነው፣ በየብስ ርካሽ ነው፤ የት ላይ ይታጠፍ? ባሕሩ የእኛ ኮብልስቶን፣ የብሱ የአጥሩ አፈር መሆኑ ሲታየኝ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። መልሱን ልይ ብዬ ገጹን ስገልጥ የለም። ቆሎ ጠቅልዬበት ኖሯል። አንዱ ጠበቃ ቆሎውን በልቶ መልሴን ጥሎታል።

ስለዚህ ራሴ ሠራሁት። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እማዬ። በአጥሩ ሥር እስከ መጨረሻው ከመሄድ አንድ ሜትር ቀድሜ ብታጠፍ፣ ከአፈሩ አንድ ሜትር ሙሉ አተርፋለሁ፤ በኮብልስቶኑ ላይ የሚጨምርብኝ ግን ጥቂት ነው። ሁለተኛውም ሜትር ያተርፋል፤ ከመጀመሪያው ግን ያነሰ። ትርፉ እንዲህ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ ካለፍኩ ኪሳራ ነው። የሚፈለገው ያ ዜሮ የሆነበት ቦታ ነው። ደጋግሜ ተሳሳትኩ፤ ጭረቱንም እየሰረዝኩ ወረቀቱን በሳሁት። ሲወጣልኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ወጪው ካዋጣነው በጥቂት መቶ ብር አነሰ።

ሰው ፊት መናገር እንደሚያስፈራኝ ታውቂያለሽ፤ ለቱሉ ለብቻው ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ኖራ አምጥቶ መታጠፊያውን መሬት ላይ ምልክት አደረገበት። አቶ በሱፍቃድ ከቱሉ ሲሰሙ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ስትውል ክርክር ለምዳለች ብለው ቀለዱብኝ፤ ከዚያ በስልካቸው አባዝተው፣ ደምረው፣ ይቆፈር አሉ።

በማግስቱ ጎረቤቴ እትዬ አባዲት በሬን አንኳኩ። ባለቤታቸው አቶ ፍሰሃጽዮን ከታመሙ ሰንብተዋል። ጠዋት ጠዋት ደግፈው ያወርዷቸውና በአጥሩ ሥር ወንበር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በሌላው በኩል ሕንፃዎቹ ፀሐዩን ስለሚጋርዱት ሌላ ቦታ የላቸውም። የቱሉ ኖራ ያረፈው ልክ በወንበሩ እግር ሥር ነው። እትዬ አባዲት አልጮኹም።

«አንቺ ለእናትሽ ውኃ ትፈልጊያለሽ፤ አልፈርድብሽም። እኔ ግን ባሌ እግር ሥር፣ እሱ እያየ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር አላይም» አሉኝ።

ሁለት ቀን ነው፣ ይደፈናል ልላቸው አፌን ከፈትኩና መለስኩት። በሽተኛ ፊት መሬት ሲከፈት ምን እንደሚመስል ለእኔም አይጠፋኝም። እሳቸው ሲሄዱ ወረቀቱን አጠፍኩት። መታጠፊያው ከተነሣ ገንዘቡ አይበቃም፤ ገንዘቡ ካልበቃ አንቺ እዚያው ጓሮሽ ውስጥ ነሽ።

ግን አላስቀመጠኝም። አራት ሜትር ወደ በሩ ባስጠጋው ስንት እንደሚጨምር ቢያንስ ልየው ብዬ ሠራሁ። የጨመረው አንድ ሊትር ዘይት እንኳ አይገዛም። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት። ያው ነው። ከዚያ ገባኝ። ትርፉ ዜሮ ወደሆነበት ቦታ ስትቀርቢ ነገሩ እንደ ሳህን ግርጌ ጠፍጣፋ ነው፤ ወዲህም ወዲያም ትንሽ ብትፈቀቂ ከፍ አትዪም። እኔ አንድ ነጥብ ብቻ ነው ብዬ ሙጭጭ ያልኩበት ቦታ፣ ለካ ለሰው የሚለቀቅ ስፋት አለው። መጽሐፉ ይህን አልነገረኝም፤ ወይም ነግሮኝ ከቆሎ ጋር ሄዷል።

ነጠላ ጫማ እንኳ ሳልለውጥ ወደ እትዬ አባዲት ወረድኩ። ስሌቱን ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«ወንበሩ ባለበት ይቆያል?»

ይቆያል አልኳቸው። ሳሙኝ።

በተቆፈረባቸው ቀናት አቶ ፍሰሃጽዮን ወንበራቸው ላይ ሆነው ከሩቅ ቆፋሪዎቹን ሲያዙ ዋሉ። ቱሉ እኚህ ሰውዬ ከዳኑ ሥራዬን ይቀሙኛል እያለ ያስቃቸው ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቧንቧዬ መጀመሪያ ተነፈሰ፣ ከዚያ ሳለ፣ ቀይ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። እጄን ከሥሩ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

ዛሬ ጠዋት ቆራሌው ሲያልፍ ጠርቼ ጀሪካኖቼን በሙሉ ሰጠሁት። እትዬ አባዲት አብደሻል ወይ፣ ውኃ የሚጠፋበት ቀን አይመጣም ብለሽ ነው ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለዚያ ለዚያ በረንዳው ላይ ትንሽ ሮቶ አስቀምጫለሁ፣ ከቧንቧው ራሱ ይሞላል። ጀሪካን ግን አንቺ በምትገቢበት ቤት ውስጥ እንዲኖር አልፈለግሁም። ደግሞ እማዬ፣ ውኃ መቅዳት ያኔም ቢሆን ከብዶኝ አያውቅም። ይህችን መሪማ ሁለት ጊዜ ታንብብልሽ።

ዶሮዎቹን ለመሪማ እናት ስጪና ቀን ቁረጪልኝ፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። አላህ እርምጃሽን ያቅናው፣ ዕድሜሽን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ። ዱዓሽ አይለየኝ።

የበኩር ልጅሽ