በአራት ድንጋይ ላይ የቆመች መኪና

ቦንጋ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ቤትህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ናዝራዊትስ ደህና ናት? ከስልክ ድምፅዋ በቀር ባላውቃትም በጸሎቴ ስሟን ከስምህ አስከትዬ ነው የማነሳው፤ ሰላም በልልኝ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። እህል ይበላልኛል፣ ጉልበቴም እስከ ጊዮርጊስ ድረስ አላሳፈረኝም። ቦንጋም እንደምታውቃት ናት። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላ ያባራ ይመስላል፣ ልብስ አውጥተን ስናሰጣ ይመለሳል።

ጽሕፈቴ ከመስመር ቢወጣ፣ ቃል በቃል ላይ ቢደራረብ አትሳቅብኝ። ባለሱቁ ጎረቤታችን ሬድዋን «ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍልዎ» ብሎኝ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ይህ በሌላ ሰው እጅ የሚጻፍ አይደለም አልኩት። ነገ ዕቃ ሊያመጣ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ደብዳቤውን እጅህ ድረስ ያደርስልኛል። ለምን በስልክ አልነገርከኝም እንደምትል አውቃለሁ። እኔና አንተ በስልክ መች ከሁለት ደቂቃ አልፈን እናውቃለን? አንተ መኪናዋ እንዴት ናት ትላለህ፣ እኔ አልነሳ ብላለች እላለሁ፣ ከዚያ በል ደህና ሁን ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ አወራን።

ባለፈው ረቡዕ ግን ገዢ እንዳገኘህላት ነገርከኝ። ተነሳችም አልተነሳችም በመጪው ቅዳሜ ሹፌሩ ጓደኛዬ ዳምጤ መጥቶ ይወስዳታል፣ ካስፈለገም ጎትቶ ይወስዳታል፣ እኔ ግን ዓይኗን ማየት አልፈልግም አልክ። እንግዲያው እውነቱን ስማ። መኪናህ አልተበላሸችም። አንድም ቀን ተበላሽታ አታውቅም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት መኪና የነዳሁ ሰው የልጄን ኮሮላ ግቢዬ ውስጥ አበሰብሳለሁ ብለህ ማመንህ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ባለሙያዎች ጭኜ ወደ ደካና ወደ ቢታ ገነት በጭቃ ስመላለስ፣ መንገድ ላይ ጥዬአቸው አላውቅም። አሁንማ ሥራዬ እሷ ብቻ ናት። በእኛ አገር እርጥበት የቆመች መኪና ሰው ካልጠበቃት በሁለት ክረምት ትሞታለች። ፕላስቲክ አላለብሳትም፤ ፕላስቲክ ከሥር ያልባታል፣ ቆርቆሮዋን የሚበላው ያ ላብ ነው። ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ሠርቼላት ነፋስ እየመታት ትውላለች። የነዳጅ ጋኗን ሙሉ አደርገዋለሁ፤ ጎዶሎ ሲሆን ውስጡ ውኃ ይቋጥራል። የእጅ ፍሬን አልይዝባትም፤ ከርሞ የፍሬኑ ሸራ ይጣበቃል። ጎማዋ ሥር እንጨት አስደግፋለሁ። የጎማዎቹን ንፋስ በአውራ ጣቴ ተጭኜ አውቀዋለሁ። በየሳምንቱም አንድ ጎናቸው እንዳይጠፈጠፍ ሬድዋንን ጠርቼ ግማሽ ዙር እንገፋታለን፤ ሬድዋን ይህች መኪና ከሚስቴ በላይ ታዘኛለች እያለ ይቀልዳል። ወንበሯ እንዳይሻግት ከሰል በጆንያ ሞልቼ ውስጧ አስቀምጫለሁ፤ የፀሐይ ሙቀት ፊቴን ሲነካኝ ደግሞ አራቱንም በር እከፍታለሁ። አይጥ በልቷቸው እንዳይሆን ኮፈኑን ከፍቼ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ እዳስሳቸዋለሁ። መካኒኩ ባፈና ቀለሟ አሁንም እንደ ድሮው ነው ይለኛል።

ባፈናን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ የከፈተው። መጀመሪያ እኔ በየእሑዱ አምስት አምስት ደቂቃ አስነስቼ አጠፋት ነበር። ሰምቶ ተቆጣኝ። አምስት ደቂቃ ባትሪ ይበላል እንጂ አይሞላም፣ ጭስ ማውጫዋም ውስጥ ውኃ ይቀራል፣ ሞቋት መሄድ አለባት አለኝ። እኔን ሊያስተምር መነሳቱ አናደደኝ፤ ግን ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ እሱ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ሞተሯን አዳምጣለሁ። እስከ ሺሺንዳ ደርሰን እንመለሳለን። ሦስተኛ ማርሽ ሲያስገባ ይቸኩላል፤ እነግረዋለሁ፣ ይስቃል። ወደ ቤት ስንመለስ ሞተሯ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ከእናትህ ሞት ወዲህ በግቢያችን ውስጥ ትንሽ ሙቀት ያለው ነገር እሷ ናት።

ታዲያ ዳምጤ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን እንዴት ተመለሰ ትል ይሆናል። በመጀመሪያው ጊዜ ከመድረሱ በፊት የባትሪዋን ካቦ አላላሁት። በሁለተኛው የካንዴላዋን ገመድ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ባለቤቷ ራሱ ይምጣ፣ ጠባይዋን የሚያውቀው እሱ ነው አልኩት። በሁለተኛው ጊዜ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ቆየ። ሞተሯ አቧራ የለውም፣ ዘይቷ አዲስ ነው፤ ሹፌር በዚህ አይታለልም። ቀስ ብሎ ዘጋውና «አባባ፣ የሚፈልጉት መኪናዋ እንድትቀርልዎ ነው ወይስ ልጅዎ እንዲመጣልዎ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኮፈኑን በመዳፌ ጠረግሁት። እሱም አላስጨነቀኝ፤ ለአንተም አልነሳ ብላለች ብሎ ነገረህ። አትቀየመው፣ አዝኖልኝ ነው።

ያን ዕለት ሳይሄድ አንድ ነገር ነግሮኛል። እናትህ ከሞተች ወዲህ መሪ ጨብጠህ እንደማታውቅ። መሥሪያ ቤትህ መኪና ሲሰጥህ እምቢ ብለህ በታክሲ እንደምትመላለስ። ናዝራዊት ለምን ብላ ብትጠይቅህ እኔ ስነዳ ሰው ይሞታል እንዳልካት። ልጄ፣ ይህን ከሰማሁ አንድ ዓመት ሆነኝ። ያኔውኑ መጻፍ ነበረብኝ። ሲመጣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ እያልኩ አሳደርኩት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እኔ ብነዳ ኖሮ ሚስቴ በሕይወት ጅማ ትደርስ ነበር አልኩ። አንተ ለእንግዳ ውኃ ልትሰጥ ጆግ ይዘህ ከኋላዬ ቆመህ ነበር። ጆጉን መሬት ስታስቀምጠው ሰማሁ። ሦስተኛው ቀን እንደወጣ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ፤ እኔም ቆይ አላልኩህም።

አሁን ያን ቅዳሜ እንደሆነው ልንገርህ። ለዓመት ፈቃድህ ዓርብ በአውቶቡስ መጣህ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እናትህ ጎመን እየቀነጠሰች ሳለ ወደቀች፤ አንድ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቷ ተያዘ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ቶሎ ወደ ጅማ ውሰዷት አለን፤ አምቡላንሷ ወላድ ልታመጣ ገጠር ወጥታ ነበር። አንተ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ልኮናተር ብለህ ልትሮጥ ተነሳህ። እጅህን የያዝኩህ እኔ ነኝ። ግቢዬ መኪና ቆሞ ሚስቴን በኪራይ መኪና አልወስድም አልኩህ። ሹፌር ነኛ! ሰው ምን ይለኛል አልኩ።

መኪናዋስ የት ነበረች? በአራት ድንጋይ ላይ። አንተ እኔ ዘንድ ትተሃት ስለነበር ክረምቱን ትቆማለች ብዬ በክሪክ አንስቼ ድንጋይ ላይ አሳርፌያት ነበር። ጎማዎቿን ፈትቼ ቆጥ ላይ አውጥቻለሁ፣ ባትሪዋን አልጋዬ ሥር አኑሬያለሁ፣ ጎማዎቿ የሚታሰሩባቸውን ዳዶዎች ዝገት እንዳይነካቸው በግሪስ ለውሼ በጣሳ ከድኛለሁ። የምኮራበት ሥራ ነበር፤ ጎረቤት ጠርቼ አሳይቼበታለሁ። ሬድዋን ሆስፒታል እናትህ አጠገብ ሲጠብቅ እኔና አንተ ያን ሁሉ ስንመልስ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። አንተ በየጎማው ሁለት ሁለት ዳዶ አስረን እንሂድ፣ የቀረውን መንገድ ላይ እናስራለን አልክ። እኔ አራቱም ካልታሰረ አትንቀሳቀስም አልኩ። ይባስ ብዬ ተወው እኔ ላስር ብዬ የጎማ መፍቻውን ከእጅህ ነጠቅሁ። ዳዶው ጥርሱን እየሳተ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ዳዶውን የሠራውን ሰው ስሳደብ ሰምተኸኛል፤ ጥፋቱ ግን የሠራው ሰውም የዳዶውም አልነበረም።

ሸቤን አልፈን ጅማ ልንገባ ስንል እጇ በእጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። የጅማው ሐኪም ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ አለ። አንተ አንገትህን ደፋህ፤ ቀስ ብዬ ስለነዳሁ ነው ብለህ እንዳሰብክ ያኔም ገብቶኛል። ግማሽ ሰዓቱ የት እንደቀረ እኔ አውቅ ነበር። እዚህ ግቢያችን ውስጥ ነው የቀረው። አፌን ከፍቼ ልነግርህ ይገባ ነበር።

መሪውን ስሰጥህ እናትህን ልያዛት ብዬህ ነበር። እሱም ውሸት ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ወር ያህል ዓይኔ እየጨለመ መንገዱ ለእኔ መንገድ መሆኑን ትቶ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእሷም እንኳ። ስለዚህ እኔ ብነዳ ኖሮ ጎጀብ ድልድይም ባልደረስን ነበር። በድንኳኑ ውስጥ ያን ቃል ስናገር ይህን እያወቅሁ ነው የተናገርኩት።

አነዳድህንም ልንገርህ፤ ከኋላ ሆኜ ያየሁት ባይኖርም የተሰማኝ አለ። የጎጀብን ቁልቁለት ስትወርድ የእናትህ ራስ ከጭኔ ላይ አንዴም አልተንገጫገጨም። ኩርባውን ስትይዝ መኪናዋ አልተናጠችም፣ ማርሽ ስትቀይር ሞተሯ አልጮኸባትም፣ ፍጥነትህንም አልቀነስክም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም፣ የሚነዳ ሰውም አጠገብ ተቀምጬ አላውቅም። እናትህ በሕይወቷ መጨረሻ የተመቸ መንገድ የሄደችው በአንተ እጅ ነው። ይህን ልነግርህ ሲገባኝ፣ ጥፋቱን ብቻዬን መሸከም ቢከብደኝ በልጄ ላይ ጣልኩት። በደልኩህ ልጄ። ይቅርታህን ልጠይቅ ብዬ ሁለት ጊዜ ደውዬልህ ስለ መኪናዋ አውርቼ ዘጋሁ። ይቅር በለኝ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዳምጤ ይምጣ። ካቦው ታስሯል፣ ገመዱም ቦታው ገብቷል። ሊብሬዋ መሳቢያው ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች። ሽጣት፣ አትሽጣት፣ እንደወደድክ፤ ከእንግዲህ አላግታትም። እሷን አስሬ አንተን ላመጣህ እንደማልችል ገብቶኛል። ዳስዋ ባዶውን ሲቀር ለጊዜው ይከፋኝ ይሆናል፤ እሱን ለእኔ ተወው።

እግዚአብሔር ከልብህ ላይ ይህን ሸክም ያንሳልህ። ዳግመኛ መሪ ስትጨብጥ እጅህን ያጽናልህ። ናዝራዊትን ይጠብቅልህ፣ ቤታችሁን በልጅ ይባርክላችሁ። በወጣህበት መንገድ ሁሉ መድኃኔዓለም በሰላም ያግባህ።

ምናልባት ከዳምጤ ጋር አብረህ ለመምጣት ልብህ ከፈቀደ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ግቢው ስትገቡ ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ አትቁሙ፤ የትኛችሁን እንደማቅፍ አላውቅም። አንተ ቀድመህ ተናገር።

አባትህ