የዐረፋን ወሰን ያስተማሩን የጋሼ ካርታ ሕይወት

አባታችን ከአናጺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉበት ቤት አንድ ክፍል ሲሆን ግማሹ መጋዝና ጣውላ፣ ግማሹ ጨርቅና መርፌ ነበር። አያታችን «በሚስማርና በመርፌ መሐል ያደገ ልጅ እንዴት ዝም ብሎ ይቀመጣል?» ይሉ ነበር።

ቁርኣንን በሰፈራቸው መስጊድ፣ ዘመናዊውን ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1963 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ በጂኦግራፊ ተመረቁ። ሠላሳ ሰባት ዓመት አስተማሩ። ካርታ ሳይሰቅሉ ትምህርት ስለማይጀምሩ ተማሪዎቻቸው «ጋሼ ካርታ» አሏቸው፤ ስሙ ከክፍል ወጥቶ ሰፈር ገባ። በ1966 ዓ.ም. አዋላጅ ነርስ የነበሩትን እናታችንን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሐጅ የሚሄዱ ሰዎችን በመስጊዱ ግቢ ያስተምሩ ነበር። በጠመኔ የሐጅ ሥፍራዎቹን ሚናን፣ ዐረፋንና ሙዝደሊፋን መሬት ላይ ይሥላሉ። የተገለበጠ ሣጥን ካዕባ ይሆናል። የውሃ ታንከሩ የሶፋ፣ የግቢው በር የመርዋ ኮረብታ ነው፤ በሁለቱ መካከል ሰባት ዙር ይኬዳል። አንድ ጫማ ሰፊ በመካከላቸው አራተኛውን ዙር እንደጨረሱ ቁጭ ብለው «መምህር፣ ይህ ይቆጠርልኝና እዚያ ሦስቱን ብቻ ልጨርስ» ብለው ግቢውን በሳቅ ሞልተውታል።

አባታችን የማይቀልዱበት አንድ መስመር ነበር፤ የዐረፋ ወሰን። «የነሚራ መስጊድ የፊተኛው ክፍል ከወሰኑ ውጪ ነው። ደክሞህ እዚያው ውለህ ወሰኑን ሳትገባ ከተመለስክ ተቀምጠህ ሐጅህን አጣህ» ይሉ ነበር። ይህን የምጽፈው እኔ ታላቅ ልጃቸው መስመሩን በልጅነቴ በእግሬ አጥፍቼው ተቆጥተውኛል።

በ2007 ዓ.ም. ለሌላው ሃያ ሰባት ዓመት ያስተማሩትን ጉዞ ከእናታችን ጋር ሄዱ። እናታችን ከመካ ደውለው «ካዕባን ሲያይ ካርታው አፉ ተዘጋ! ያ ሁሉ ንግግር የት ገባ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን አልሰማንም።

በዐረፋ ቀን ጧት የጉዞ መሪው አርባ ሁለት ሰው ከአውቶቡስ አውርዶ «ቦታችሁ ይኸው ነው፤ ሳልመጣ እንዳትነቃነቁ» አለና ሄደ። አውቶቡሱ ውሃውንና የእናታችንን የደም ግፊት መድኃኒት ይዞ ሄደ። አባታችን ቀና ሲሉ ፊት ለፊታቸው ራቅ ብሎ ያለው ቢጫ ሰሌዳ «ዐረፋ እዚህ ይጀምራል» ይላል። ያወረዳቸው ከወሰኑ ውጪ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ቀትር አለፈ። ወዲህ ጥላም ውሃም የለም፤ ከሰሌዳው ወዲያ ውሃ የሚያድሉ መኪናዎች ይታያሉ።

አባታችን እናታችን በዚያ ሙቀት መራመድ አይችሉም ብለው ፈሩ። እናታችን ግን ተነሥተው «ሃያ ሰባት ዓመት መሬት ላይ ስትሥልልኝ የኖርከውን ዛሬ በእግሬ አሳየኝ» አሏቸው። አባታችን ከእናታችን ጋር ፊት ፊት ሄዱ፤ አርባው ሰው ተከተለ። መጨረሻ ላይ እናታችንን በጀርባቸው አዘሉ። ከወሰኑ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ገብተው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ውሃው ከንፈራቸው ላይ እንዳለ እናታችን አለፉ። እዚያው ተቀበሩ።

አባታችን የእናታችንን ቦርሳ ይዘው ሲመለሱ የጉዞ ቢሮው ወረቀት ቀድሟቸው መስጊዱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። «ተጓዡ የመሪውን ትእዛዝ ጥሰው ከዐረፋ ውስጥ ሰዎችን አስወጥተው በማሳሳት የባለቤታቸውን ሕይወት ለአደጋ ዳርገዋል» ይላል። የመስጊዱ ኮሚቴ ሳይጠይቃቸው ትምህርቱን አስቆመ። ሚስቱን በእልህ የገደለ ተባሉ። ይህን ያሉት ጠላቶች አይደሉም፤ ልጆቻቸውን ያስተማሩላቸው ጎረቤቶች ናቸው።

አርባዎቹስ? ሐጃችሁን ያተረፉላችሁ አባታችን ናቸው። ሐጂ፣ ሐጂት ስትባሉ ደስ እያላችሁ አቤት ትላላችሁ። ስለ እሳቸው ስትጠየቁ ግን ቢሮው የዘመዶቻችሁን ጉዞ እንዳያጓትት ፈርታችሁ «ሙቀቱ አደናግሮን በደንብ አላየንም» አላችሁ። አየሁ ብለው በአደባባይ የመሰከሩት በዚያ ጉዞ ከአርባዎቹ አንዱ የነበሩት እኚያ ጫማ ሰፊ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውንም ማን ሰማቸው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በአባታችን ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልነጋም።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ከመሞታቸው ከአንድ ወር በፊት የጉዞ መሪው ሆስፒታል መጣ። እኔ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ነበር። «ጋሼ፣ ሌላ ቡድን ነበረኝ፤ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። እናንተን መንገድ ላይ አራገፍኳችሁ። ወሰኑን አላየሁትም። ወረቀቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብሎ አለቀሰ።

አባታችን «የራሴን ይቅር ብዬሃለሁ። የእሷን ግን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሰው ፊት ቆመህ ተናገር» አሉት። እሺ አለ። አራት ጁሙዓ አለፈ። አባታችን ግን በየጁሙዓው «ተናገረ?» እያሉ ጠየቁኝ። አራት ጊዜ «አልተናገረም» አልኳቸው።

ወንድሜ ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ «ለቀብር እንዲህ ያለ ነገር አይባልም፣ እቴ» ብሎኛል። ለቀብር ውሸት ይባላል ወይ? የጉዞ መሪው ስላልተናገረ ነው እኔ የተናገርኩት። ዛሬ ከመካከላችን ካለ፣ አሁንም አልረፈደበትም፤ ይነሣ።

አባታችን ትናንት ሐሙስ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። ሁለት ሴት ልጆች፣ አንድ ወንድ ልጅና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል።

አላህ አባታችንን በራሕመቱ ይቀበላቸው፤ ከእናታችን ጋር በጀነት ያገናኛቸው። ዝም ላላችሁትም አንደበት ይስጣችሁ። ለእኛ ለልጆቻቸው ደግሞ ሶብሩን ይስጠን፤ ቁጣችን ከበዳዮቹ አልፎ ማንንም እንዳይበድል ይጠብቀን። አሚን።