በዘይት ቀለም ስለተጻፈው የቤታችን ምስጢር

ሰኔ 1973 ዓ.ም.
ድሬ ዳዋ

ለተከበሩ ጓድ ክፍሉ
የቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ኃላፊ

የተከበሩ ጓድ ክፍሉ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ይህ ሙቀት እኛን ሰልፍ ላይ ሲያቀልጠን እርስዎን ከባንኮው ጀርባ በደህና እንዳቆየልን፣ ከራስዎ በላይ የሚዞረው ቬንትሌተርም አንዳች ሕመም እንዳላገኘው ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ የወይዘሮ ዘነበች ልጅ የሺአረግ ነኝ። በመንደሩ «ዝምተኛዋ» ሲሉ ሰምተው ይሆናል። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ነው በጽሑፍ የመጣሁት፤ የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ስሕተት ካገኙብኝ በዚያው ይለፉኝ። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ በእጅዎ ልሰጥዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን በእርስዎ ዘንድ ምስጢር የሚቀመጠው ግድግዳ ላይ መሆኑን ስለተረዳሁ፣ ደንብዎን አክብሬ በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለጥፌዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሐሳብዎ ላመስግንዎ። አምና የራሽን ካርድ አልቆ ሐሰተኛው ሲበዛ፣ አዲሱ እስኪታተም ድረስ እያንዳንዱ ቤት አንድ ምስጢር ቃል ያስመዝግብ፣ ራሽን ሊወስድ የመጣ ሰው የቤቱን ቁጥርና ቃሉን ይበል፣ ካለም ይሰጠው ብለው አዘዙ። እናቴ ከስብሰባው ደስ ብሏት ነበር የተመለሰችው። ያስመዘገብነው «ሽምብራዬ» የሚል ቃል ነው። አባቴ ወልደጻድቅ፣ የባቡር ፍሬን ሠራተኛ የነበረው፣ ትንሽ ሆኜ እንደዚያ ይጠራኝ ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ከእናቴና ከእኔ በቀር ያን የቤት ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በየወሩ ባንኮው ላይ ጠጋ ብዬ ያችን ቃል በሹክሹክታ ስነግርዎ ስኳሩን እስከ መርሳት እደርስ ነበር። ለእኔ ራሽኑ እሱ ነበር።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ አቀማመጡ ነው። የዚህ ሁሉ ቤት ቃል በጭንቅላት አይያዝም ብለው፣ ቁጥሩንና ቃሉን ጎን ለጎን ከባንኮው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከአብዮት በዓል መፈክር በተረፈው ቀይ የዘይት ቀለም አስጻፉት። ጎረቤታችን ኤዶ ሀሊሞ ገርሟት «አቦ ጓድ ክፍሉ፣ ምስጢር ብለኸን ስታበቃ ግድግዳ ላይ?» ስትልዎ፣ «አይዞሽ ኤዶ፣ በእኔ በራሴ ምልክት ነው የተጻፈው፤ ከእኔ በቀር የሚፈታው የለም» አሏት። እሷም አመነች፣ እናቴም አመነች። የእርስዎ ምልክት ሁላችንም የምናውቀው ሀ ሁ መሆኑን ያየነው ማንበብ የምንችል ጥቂቶች ነን፤ እኛም ዝም አልን፤ ጓድ የተባለን ሰው ማረም በዚያ ጊዜ ለጤና የሚበጅ አልነበረም። እኔ ሰልፍ ላይ ስቆም ጫማዬን ነበር የማየው። የሰውን ቃል ማንበብ የሰው ጓዳ ሳያንኳኩ እንደመግባት ሆኖብኝ ነው።

እንግዲህ የሱቃችን ቁልፍ የጎረቤቶቻችን ፊደል አለማወቅ ነበር ማለት ነው። ይኸው ቀበሌ ደግሞ ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው ዳስ የመሠረተ ትምህርት ከፈተና፣ እርስዎ ራስዎ በመክፈቻው ላይ ቆመው «ከዓመት በኋላ በዚህ ቀበሌ ማንበብ የማይችል አንድ ሰው አይገኝም» ብለው ቃል ገቡ። ቃልዎን ስለፈጸሙ አመሰግናለሁ። ለግድግዳው የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ስለ መጋረጃው። ቅር ያላቸው ሰዎች ሲበዙ መጋረጃ አሰቀሉልን፤ ጨርቁም ጥሩ ነው። ነገር ግን ቃል ለማመሳከር ለእያንዳንዱ ሰው ይገልጡታል፤ ባይገልጡትም ቬንትሌተሩ ይገልጥልዎታል። ጠዋት ሱቁን የሚከፍተው ዘበኛም፣ የምትጠርገውም ሴት፣ እርስዎ ስብሰባ ሲሄዱ ባንኮው ላይ የሚቀመጠው የእህትዎ ልጅም የሁላችንን ቃል በአንድ ጊዜ ያገኙታል። እነዚህ ሰዎች ሌባ ናቸው አላልኩም። ያልኩት የሱቁን ቁልፍ የያዘ የሁሉንም ቤት ቁልፍ ይዟል ነው።

ሦስተኛ፣ በሚያዝያ ተራችን ደርሶ ቁጥራችንንና ቃላችንን ስነግርዎ ግድግዳውንም መዝገቡንም አይተው «ወስዳችኋል» አሉኝ። ለካ ቀደም ብሎ አንድ ሰው መጥቶ ቁጥራችንንም ቃላችንንም ብሎ ስኳሩንና ላምባውን ወስዷል። እናቴ መጥታ ወንድ ነው ሴት ብላ ብትጠይቅዎ «ቃሉ ልክ ነበር» አሏት። ልጄን ያውቋት የለም ወይ ብትልዎ «እኔ ፊት አላይም፣ ቃል ነው የምሰማው» አሏት። ስለ አለማዳላትዎ አመሰግናለሁ፤ ክርስትናዬ ላይ ጠላ የጠጡ ሰው እኔን ከሌላ ሰው ላለመለየት እንዲህ መጣርዎ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ኮሚቴው ተሰበሰበና፣ ወይ ስኳሩን ቀፊራ ገበያ ሸጠን ድጋሚ ልንወስድ መጥተናል፣ ወይ ልጅቷ ምስጢር አባክናለች አለ። ቃሉ ከሱቁ ሊወጣ ይችላል የሚል ሦስተኛ ሐሳብ ያነሳ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የሁለት ወር ራሽናችን ታገደ፤ እኔም በወጣቶች ማኅበር አዳራሽ ግለ ሂስ እንዳደርግ ተወሰነብኝ።

ግለ ሂሱን እርስዎም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ስላዩት አላረዝመውም። ቆምኩ። «ተናገሪ! ለማን ነው የነገርሽው?» ተባልኩ። ከኋላ አንዱ «ለሰው የማትናገረውን ለወንድ ተናግራ ይሆናላ!» አለና አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ድምፄን ፈለግኩት፣ የለም። ጸሐፊውም «በዝምታዋ አምናለች» ብሎ ጻፈ። ባለመናገሯ ምክንያት ብዙ ተናግራለች ተብላ የተቀጣች ልጅ ከእኔ በፊት በድሬ ዳዋ መኖሯን እጠራጠራለሁ። ቃላችንም በዚያው አዳራሽ ጮክ ተብሎ ስለተነበበ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥግ ልጆች ባለፍኩ ቁጥር «ሽምብራዬ!» ይሉኛል። ስኳር በሚቀጥለው ወር ይመጣል፤ እንዲህ የወጣ ስም ግን ወደ ቤት አይመለስም።

ይህንንም ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የቤቱን ነው። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወጥ እያማሰለች፣ ሳታየኝ «ለጓደኛሽም ቢሆን?» አለችኝ። ጓደኛ እንደሌለኝ ታውቃለች። ግድግዳው ላይ እኮ ተጽፏል ብላት «በምልክት ነው ብለዋል እኮ ጓድ ክፍሉ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከጎረቤት ጋር ስታወራ እኔ ስገባ ዝም ትላለች። ልጅዋን ከጠረጠረችና ጓድ ክፍሉን ካመነች እናት ጋር አንድ ቤት ማደር እንዴት እንደሆነ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይደርስብዎ ይሻላል።

አምስተኛ (አራተኛውን ሳልቆጥር አልፌው ከሆነ ግለ ሂሱ ነው)፣ ባለፈው ሳምንት እናቴ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷን ተቀበለች። በማግስቱ እገዳው እንዲነሳልን ልትለምንዎ ሰልፍ ያዘች። እኔ አልነበርኩም፤ የሆነውን የነገረችኝ ኤዶ ሀሊሞ ናት፣ እሷም ከሳቋ ብዛት የግቢያችንን አጥር ይዛ ነበር። ቬንትሌተሩ መጋረጃውን አነሳው አለች። እናቴ ቀና ብላ፣ ልክ ዳሱ ውስጥ እንደምታደርገው ጣቷን ዘርግታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሽ… ም… ብ… ራ… ዬ» ብላ አነበበች። ከዚያ «ወይኔ ልጄን!» አለች።

ኤዶ ሀሊሞም የራሷን ቤት ቁጥር ፈልጋ «ወላሂ፣ ያ የእኔ ነው! ይኼ ነው ምልክትህ ጓድ ክፍሉ? ይኼማ የእኛ ሀ ሁ ነው!» አለች። ከዚያ ሴቶቹ አንዱን ግድግዳ እንደ ንባብ መጽሐፍ ተከፋፈሉት አሉ። «ወይንሸት፣ አንቺ ‹ቅቤ› ብለሽ አስመዘገብሽ? መቼ ቤትሽ ገብቶ ያውቃል!» «ምኞት ነዋ እህቴ፣ ምኞትም በራሽን ነው?» እርስዎም ባንኮው ላይ እየደበደቡ «ሰልፍ ይከበር! ማንበብ ክልክል ነው!» ብለው ጮኹ አሉኝ። መሃይምነትን ለማጥፋት ሲዘምት በነበረ ቀበሌ ይህን ትእዛዝ ለመስጠት የሚያስፈልገውን ድፍረት ሳላደንቅ አላልፍም።

እናቴ ከኤዶ ሀሊሞ ኋላ ገባች። ነጠላዋን ሳታወልቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ምንም አላለችኝም፤ እኔም ምንም አላልኳትም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታው የሁለታችንም ነበር።

ቃላችን ይቀየርልን ብለን ስንጠይቅ፣ የዘይት ቀለም አይፋቅም፣ አሮጌው ላይ ተሰርዞ አዲሱ እዚያው ከጎኑ ይጻፋል መባሉን ሰምተናል። ጥበቡን አመስግነን ተቀብለናል።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስኳሩን አልጠይቅም፤ ላምባውንም የበራለት ይብራለት። በዚያው አዳራሽ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት፣ የሺአረግ አልተናገረችም ተብሎ ይነገርልኝ። ሰው ፊት መናገር ከከበደዎ ችግሩን ከማንም በላይ እረዳለሁ፤ ይቁሙ ብቻ። ዝም ቢሉ እኛው «አምነዋል» ብለን እንጽፍልዎታለን።

ለሱቁ ብርታትን፣ ለግድግዳው ዕድሜን፣ ለእርስዎም ሌላ ሰው የማያነብልዎ እውነተኛ ምስጢር እንዲሰጥዎ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የእርስዎ አክባሪ
የሺአረግ ወልደጻድቅ

ማስታወሻ፦ እናቴ አዲሱን ቃላችንን ዛሬ ጠዋት በራሷ እጅ ጽፋ አስመዝግባለች። ገና አልደረሰዎ እንደሆነ እኔው እዚህ አሰፍረዋለሁ፤ ያው ከግድግዳ ግድግዳ አይበላለጥም። ቃሉ «ልጄ አልተናገረችም» የሚል ነው። ጸሐፊው ረጅም ነው፣ ቀለም ይፈጃል ብሏት ነበር፤ አላሳጥርም አለች። እንግዲህ የእኛን ስኳር የሚወስድ ሰው ይውሰድ፣ ግን በሰልፉ ሁሉ ፊት ይህን ብሎ ይውሰድ። ሌባው ከቀደመኝ መልካም። ካልቀደመኝም በተራችን የምመጣው እኔ ነኝ፤ በሹክሹክታም አልለውም።