በተዝካርሽ ቀን የያዝሁት ማስታጠቢያ

እማዬ፣

ከተለየሽን ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ጣና ሞልቶ አመሻሽ ላይ የምንቀመጥበትን ድንጋይ ውጦታል። አልጠጣሁም። መጀመሪያ የምትጠይቂኝ እሱን ስለሆነ አስቀድሜ ልንገርሽ።

ሰፈራችን ሹም አቦ ያው እንደምታውቂው ነው። አልጋሽን እህቴ ወሰደችው፤ ነጠላሽ ግን ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፣ አይቼው አልፋለሁ። ሰው ሁሉ አልቅስና ይውጣልህ ይለኛል። ምን እንደሚወጣልኝ አላውቅም። የቀረበልኝን እበላለሁ፣ ጣዕሙ ግን አይታወቀኝም። ድሮ ለመደንዘዝ ነበር የምጠጣው፤ አሁን ሳልጠጣ ደነዘዝሁ።

አረቄ ቤቱ በሚሟሟቅበት ሰዓት "ጉልበቴን ላፍታታ" እያልሽ ወደ ሐይቁ ታስወጪኝ ነበር። ጉልበትሽ ደህና እንደነበር አውቃለሁ። ማወቄንም አንቺ ታውቂ ነበር። መራመድ ሲያቅትሽ ደግሞ ለእድራችን ዳኛ ለጋሼ አላምረው አስረከብሽኝ። ከሥራ ስወጣ በእድሩ ዕቃ ቤት የተቀደደ ድንኳን እየሰፋሁ፣ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር እየጠገንሁ ማምሸት ጀመርሁ። እዚያ ስለ መጠጥ ያነሳብኝ ሰው የለም። ሚስማር አቀብል፣ ያዝልኝ፣ በቃ ወሬው ይኸው ነበር። ዘጌ ድረስ ይዘሽኝ ከሄድሽበት ጠበል ይልቅ የጠቀመኝ እሱ ይመስለኛል፤ አትቆጪኝ።

አንቺ ስታርፊ ግን ሐዘንተኛ ድንኳን አይተክልም ተባልሁ። ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ከላዬ የተወጠረው እኔው የሰፋሁት ድንኳን ነበር፣ የራሴን ስፌት ሳይ ዋልሁ። እጄ ሥራ ፈታ።

ከዚያ ተዝካርሽ ደረሰ። ጠላው ተጠመቀ፣ አረቄውም መጣ። ለሟች ነፍስ ተብሎ የቀረበን መጠጥ እምቢ ማለት፣ ያውም ለልጅ፣ የእናቱን ዝክር ናቀ እንደሚያሰኝ ታውቂያለሽ። ዛሬ መውደቄ ነው ብዬ አሰብሁ። አሳቡ እንኳ አላስደነገጠኝም፤ እሱ ነበር ክፉው።

ጠዋት ጋሼ አላምረው መጡና የእጅ ማስታጠቢያውን አስያዙኝ። ማንቆርቆሪያው በቀኝ፣ ሳህኑ በግራ፣ ፎጣው ትከሻዬ ላይ። የሟች ልጅ ከእንግዳ ጋር ይቀመጣል እንጂ መቼ ያስታጥባል? ዘመድ ሁሉ ጉድ አለ። ከቁንዝላ የመጣው ወንድምሽ ብርጭቆውን ሞልቶ "ለነፍሷ ቅመስ እንጅ!" እያለ ተጠጋኝ። የምቀበልበት እጅ አልነበረኝም። ወዲያው ጋሼ አላምረው ከወዲያ ማዶ ጮኹ፣ "ኧረ እነዚህ አልታጠቡም፣ ቶሎ በል!"

ሄድሁ። የእድሩ ሰዎች ነበሩ፣ ቅድም ያስታጠብኋቸው። እጃቸውን እንደገና ዘረጉልኝ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሆነ፤ ብርጭቆ ወደ እኔ በተጠጋ ቁጥር ከአንዱ ጥግ አንድ ጎረቤት እጄን አልታጠብሁም ይላል። እትዬ ጥሩዬ የእጇ ቆዳ እስኪጨማደድ ታጠበች።

ማታ ድንኳኑ ሲነቀል ጋሼ አላምረውን ምነው በሰው ፊት እንዲህ አደረጉኝ አልኋቸው።

"እኔ ምን አደረግሁህ? እናትህ ናት። ከመሞቷ በፊት አስጠርታኝ፣ በተዝካሬ ቀን የልጄ እጅ ባዶ እንዳይሆን አደራ አለችኝ" አሉኝ።

እማዬ፣ ያን ጊዜም አላለቀስሁም። ሳህኑ ብቻ እጄ ላይ ዘመመና የቀረው ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ቀዝቃዛ ነበር። ቀዝቃዛ መሆኑ ታወቀኝ።

ማስታጠቢያውን አጥቤ ዕቃ ቤት መልሼዋለሁ። የሙት ዓመትሽ ሲደርስ ማንም ሳያዘኝ እኔው አነሳዋለሁ። እስከዚያ የሚቀደድ ድንኳን አይጠፋም፤ በየምሽቱ እዚያ ተቀምጬ እሰፋለሁ፣ አንቺንም የማስብሽ እዚያው ነው። እጄ ባዶ አይደለም።

ልጅሽ