አባ ረግረግና ያልደረቀው ግማሽ

ሁላችንም አባ ረግረግ የምንላቸው የውሃ ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ረግረጉ ዳር ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1964 ዓ.ም. በውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1970 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቱን ታይፒስት አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ደብዳቤዎቻቸውን ሁሉ የተየቡላቸው እኚሁ ባለቤታቸው ናቸው።

ደብዳቤዎች እንበል እንጂ፣ ለሰላሳ ዓመት የተጻፈው ያው አንድ ደብዳቤ ነው። ረግረግ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ሣሩ ቆሻሻ ያጣራል፣ ጭቃው ጎርፍ ይይዛል፣ እንቁራሪቷ ትንኙን ትበላለች፣ ወፉ እንቁራሪቷን፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላውም ይከተላል ይላል። ምን ዋጋ አለው! አለቆቻቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ግማሹን አድርቀው የሠሩበት ደግሞ፣ ጉድ ነው መቼም፣ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮን ነው። ምድር ቤቱ በየክረምቱ ውሃ ይሞላል። ኃላፊው መንስኤውን እንዲያጠኑ ሲጠሯቸው፣ የድሮውን ደብዳቤ ቀኑን ብቻ ቀይረው ሰጧቸው። ኃላፊው አንብበው ሁለተኛ ፓምፕ ገዙ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ እኛ ዘመዶቻቸውም የዋዛ አልነበርንም። ታናሽ ወንድማቸው የቤት ፍርስራሽ ረግረጉ ውስጥ ሲያስደፉ በአባ ረግረግ እጅ ከፍንጅ ተይዘው፣ አንድ መኪና ምን ያመጣል ብለው ተሟገቱ፤ ሁለት ዓመት ተኳረፉ። እዚህ የቆሙት ታናሹ አጎታችን አይቀየሙን፤ አሮጌ ፍራሽ እዚያ ያልጣለ ካለ እጁን ያውጣ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የቀረውን ግማሽ ለማስከለል እዚያው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሰባት ዓመት ተመላለሱ። ፋይሉ አልተገኘም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ። ኩላሊታቸው ታሞ እግራቸው አብጦ እንኳ፣ ተው ቢባሉ፣ የዛሬን ብቻ ብለው በነጠላ ጫማ ይሄዱ ነበር። ሰኞ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ማክሰኞ ጠዋት ከቢሮው ደብዳቤ መጣ። እንዲከለል ተፈቅዷል፤ አመልካቹ በዐሥር ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው ካልፈረሙ ግን ይሰረዛል። ታላቅ ልጃቸው ሄዳ ማረፋቸውን ብትናገር፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መሞታቸውን የሚገልጽ ማመልከቻ ራሳቸው ፈርመው ያስገቡ አላት። እግዚኦ!

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና ግማሽ ረግረግ ትተውልናል። የቀረን ስምንት ቀን ነው። በአካል ከተባለማ፣ እዚህ የቆማችሁ ሁሉ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮው በር ላይ እንገናኝ፤ አጎታችንም ጭምር። ነፍሳቸውን ማንም በማያደርቀው ለምለም ስፍራ ያኑርልን።